ቪትዝን ከፍ ለማድረግ፡ ስለሚስተካከል ሞላና ሾክ አብዞርበር

ከባሕር ዳር ተነስቶ ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው ወረታን አልፎ አዲስ ዘመን ሲደርስ ከከተማዋ በላይ ተራራውን ሸፍኖ የሚያየው ደን የጣራ ገዳም ደን ነው፡፡ በነሐሴ ወር 2010 ዓ.ም. የደብረ ታቦር አክስቴን ይዤ ገዳሙን ለመሳለም ስሄድ፣ ከአስፋልቱ ወጥተን ብዙም ሳንርቅ ቪትዜ ድንጋይ ላይ በሆዷ ተቀመጠች፡፡ ጊዜው ክረምት ነው፤ መንገዱ ጭቃ ነው፤ ከኋላ ሦስት ሰው ተቀምጧል፤ በዕቃ መጫኛው ውስጥ ደግሞ ለገዳሙ የተያዘ ግማሽ ኩንታል ድንች አለ፡፡ አክስቴ ቀስ ብለው ወርደው፣ ጎንበስ ብለው አዩና ‹‹አንተ ልጅ፣ ይቺ መኪናህ ሆዷን አሟታል እንዴ?›› አሉኝ፡፡ የቀረውን መንገድ በእግር ወጣነው፡፡ ድንቹን የተሸከምኩት እኔ ነኝ፡፡

መካኒክ አይደለሁም፤ ሙያዬ ሒሳብ ነው፡፡ ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ስለ መኪና እግር ብዙ አንብቤያለሁ፣ ብዙ ጠይቄያለሁ፣ አንድ ጊዜም በገዛ ገንዘቤ ባስገጠምኩት ዕቃ ምክንያት ለጥቂት ከሞት ተርፌያለሁ፡፡ ጉዳዩ የእኔ ብቻ ቢሆን አልጽፈውም ነበር፡፡ ነገር ግን በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ዋጋ አናረው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ከለከለ፡፡ ቪትዝ ያለው ሰው በሌላ መቀየር ስለከበደው ያለችውን ከፍ አድርጎ፣ አጠናክሮ ለማቆየት ይፈልጋል፡፡ ፍላጎቱ ትክክል ነው፤ ስህተት የሚበዛው አሠራሩ ላይ ነው፡፡

በመጀመሪያ ሁለት ነገሮችን እንለይ፡፡ መኪናውን የሚሸከመው ሞላ ነው፡፡ ሾክ አብዞርበር አይሸከምም፤ ሥራው ሞላው አንዴ ከተጨመቀ በኋላ ላይ ታች እያለ እንዳይቀጥል እንቅስቃሴውን መግታት ነው፡፡ በውስጡ ዘይት አለ፤ ፒስተኑ ሲንቀሳቀስ ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳዎች ለማለፍ ይገደዳል፤ የእንቅስቃሴው ጉልበትም ወደ ሙቀት ይለወጣል፡፡ ረጅም ጎርባጣ መንገድ ተጉዘው ሲያበቁ ሾኩን በእጅዎ ቢነኩት የሚሞቀው ለዚህ ነው፡፡ ብዙ ሰው ‹‹መኪናዬ ወረደች፣ ሾክ ልቀይርላት›› ሲል እሰማለሁ፡፡ መኪና የምትወርደው ሞላዋ ሲደክም ነው፡፡ ሾክ ሲሞት መኪና ትዘላለች እንጂ አትወርድም፡፡

ቶዮታ የመጀመሪያዋን ቪትዝ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፡፡ ሁለተኛዋ በ2005፣ ሦስተኛዋ በ2010 መጨረሻ ላይ ተከተሉ፡፡ በየትውልዱ መልኳ ቢለወጥም የእግሯ አሠራር በመሠረቱ ያው ነው፡፡ የፊቱ አርል ማክፈርሰን በተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ስም የሚጠራው አሠራር ነው፤ ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1950 በእንግሊዝ አገር ባወጣው ኮንሱል መኪና ላይ ተገጥሞ ከወጣ ወዲህ በትናንሽ መኪኖች ዘንድ ተስፋፍቷል፡፡ በዚህ አሠራር ሞላው በሾኩ ዙሪያ ይቀመጣል፤ ሾኩ ራሱም ጎማውን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ምሰሶ ነው፡፡ ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ፡፡ የኋላው ሌላ ነው፡፡ ሁለቱን የኋላ ጎማዎች አንድ የብረት ተሸካሚ ያገናኛቸዋል፤ ሞላና ሾክ ለየብቻ ይቀመጣሉ፡፡ ያሪስም፣ የሱዙኪ ዲዛየርም በዚሁ መልክ የተሠሩ ናቸው፡፡ ቪትዝ ከፋብሪካ ስትወጣ ከሆዷ እስከ መሬት ያለው ክፍተት 14 ወይም 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ለጃፓን አስፋልት ይበቃል፡፡ አምስት ሰው ከነሻንጣው ሲሳፈር ምን ያህል እንደሚቀር የአዲስ አበባ ስፒድ ብሬከሮች ያውቃሉ፡፡

በየጋራዡ የተለመደው መፍትሔ ስፔሰር ነው፡፡ ከሾኩ ማውንቲንግ በላይ፣ ከኋላ ደግሞ ከሞላው ሥር ወፍራም ፕላስቲክ ወይም ብረት ተጨምሮ መኪናዋ በዚያው ልክ ትነሳለች፡፡ ርካሽ ነው፤ በግማሽ ቀን ያልቃል፤ በልኩ ከተሠራም ክፉ አይደለም፡፡ በሞላው ጥምዝ መሐል ጎማ መክተት የሚባለውን ግን አልወደውም፡፡ ያ ጎማ የተሰካበት የሞላ ክፍል መሥራት ያቆማል፤ ጭነቱን የቀረው ክፍል ብቻ ይሸከማል፤ ሞላው የሚሰበረውም ከዚያ ነው፡፡

እኔ የመረጥኩት ውዱን ነው፡፡ ኮይልኦቨር የሚባለውን አንድ የአክስቴ ልጅ ከዱባይ ይዞልኝ መጣ፡፡ ከተለመደው ሾክ የሚለየው አካሉ ከላይ እስከ ታች እንደ ብሎን ጥርስ የወጣለት መሆኑ ነው፡፡ በዚያ ጥርስ ላይ የሞላው መቀመጫ የሆነ ቀለበትና እሱን የሚያጠብቅ ሌላ ቀለበት ይሽከረከራሉ፡፡ ቀለበቱን ወደ ላይ ሲያዞሩት መኪናዋ ትነሳለች፣ ወደ ታች ሲያዞሩት ትወርዳለች፡፡ ሻል ባሉት ላይ በጫፉ ያለች ትንሽ ጉጥ ቀጭ ቀጭ እያለች የሾኩን ጥንካሬ ትለውጣለች፡፡ የጃፓኑን ቴይን የመሳሰሉ ኩባንያዎች ለቪትዝና ለያሪስ ልክ ሠርተዋል፡፡ ቪትዝ ላይ እውነተኛ ኮይልኦቨር የሚሆነው የፊቱ ብቻ ነው፤ ለኋላ የሚሰጡዎት ከፍታው የሚስተካከል የሞላ መቀመጫና ለብቻው የሚታሰር ሾክ ነው፡፡

እዚህ ላይ ማንም ያልነገረኝን ልንገርዎ፡፡ አብዛኞቹ የዚህ ዓይነት ዕቃዎች የተሠሩት መኪናን ዝቅ ለማድረግ ነው፡፡ ጃፓን ወይም አውሮፓ ያለ ወጣት መኪናውን አስፋልት አስልሶ ጥምዝ ላይ መብረር ይፈልጋል፡፡ ስለዚህ የሾኩ ዘንግ አጭር፣ ሞላውም ጠንካራ ነው፤ ብዙ ጊዜ የመጨረሻ ከፍታው መኪናዋ ከፋብሪካ ከወጣችበት አይበልጥም፡፡ እኛ የምንፈልገው ተቃራኒውን ነው፡፡ ሲገዙ ‹‹ለቪትዝ ይሆናል?›› ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ ‹‹ከፋብሪካው ልክ በላይ ስንት ሴንቲ ሜትር ያነሳል?›› ማለት ያስፈልጋል፡፡ ሻጩ መልስ ከሌለው ዕቃው ለእርስዎ አይደለም፡፡ እኔ አልጠየቅኩም፡፡

ዕቃዎቹን አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ጋራዥ ወሰድኳቸው፡፡ ወጣቶቹ ፈጣን ነበሩ፡፡ ‹‹ስንት ይነሳልህ?›› ሲሉኝ ‹‹የቻለውን ያህል›› አልኩ፤ ጥፋቱ ከዚህ ይጀምራል፡፡ የፊቱን ቀለበት እስከ ጥርሱ ጫፍ አወጡት፡፡ ጥንካሬውንም ‹‹ለገጠር መንገድ ጠንካራ ነው የሚሻለው›› ብለው እስከ መጨረሻው አጠበቁት፡፡ መኪናዋ አራት ሴንቲ ሜትር ገደማ ተነሳች፡፡ አምሮባትም ነበር፤ ሰፈር ውስጥ ‹‹ቪትዝ ነች ወይስ ራቭ ፎር?›› ብለው ቀልደውብኛል፡፡

በ2011 ዓ.ም. ለቡሄ ወደ ደብረ ታቦር ሄድኩ፡፡ የደብረ ታቦር በዓል ነሐሴ 13 ቀን ነውና በስሙ በምትጠራው ከተማ ሲከበር ማየት ደስ ይላል፡፡ በአባይ በረሃ ስወርድ ጀምሮ ከፊት በኩል ‹‹ቋ›› የሚል ድምፅ ነበር፤ ጉብታ ላይ ስወጣ ሳይሆን ጉብታውን ጨርሼ ጎማው ወደ ታች ሲወርድ ነው የሚሰማው፡፡ አዲስ ዕቃ ስለሆነ ይለምዳል አልኩ፡፡

ከደብረ ታቦር ወረታ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፡፡ ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነች፤ ወረታ ፎገራ ሜዳ ላይ ከ1,900 ሜትር በታች ትገኛለች፡፡ ልዩነቱን መንገዱ በጥምዝምዝ ቁልቁለት ነው የሚጨርሰው፡፡ ይህ መንገድ እስከ ወልዲያ የሚዘልቀውና መጀመሪያ ቻይናውያን በጠጠር የሠሩት፣ የቻይና መንገድ ሲባል የኖረው ነው፡፡ በበዓሉ ማግስት ከባሕር ዳር የሚመጡ ዘመዶችን ልቀበል ብቻዬን ወደ ወረታ ስወርድ፣ አንድ ጥምዝ ላይ አስፋልቱ ተቦርቡሮ ተከታታይ ጉድጓድ ሆኗል፡፡ ዝናብ ጥሏል፡፡ ፍሬን ያዝኩ፡፡ መኪናዋ መቀነስ ሲገባት በፊት ጎማዎቿ ነጠር፣ ነጠር አለችና መሪውን ባዞርም ቀጥ ብላ ወደ ግራው መስመር ተሻገረች፡፡ ከታች የሚወጣው አይሱዙ ጡሩንባውን እየነፋ ዳር ይዞ አለፈኝ፡፡ በመስታወቶቻችን መሐል የእጅ መዳፍ አይገባም ነበር፡፡ መንገድ ዳር ቆሜ እጄ እስኪረጋ ጠበቅኩና፣ ዞሬ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ ወደ ደብረ ታቦር ተመለስኩ፡፡

አክስቴ የወሰዱኝ ወደ ጋፋት በሚወስደው በኩል ወዳለ አንድ ጋራዥ ነው፡፡ ጋፋት ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ያሠሩበት ቦታ ነው፡፡ ያን ወደ 7 ቶን የሚመዝን መድፍ በሠረገላ ጭነው፣ መንገድ እየጠረጉ፣ እ.ኤ.አ. ከ1867 መገባደጃ ጀምሮ በሰው ጉልበት እየጎተቱ በቀጣዩ ዓመት መጋቢት መቅደላ አድርሰውታል፡፡ ጋሼ የምላቸው አዛውንቱ መካኒክ ይህን ታሪክ ሳይናገሩ የመኪና ኮፈን አይከፍቱም፡፡ ‹‹ያ ሁሉ ብረት ያለ ሞላ ነው የሄደ፡፡ ያንተ ሞላ እያላት እምቢ አለች?›› ብለው ሳቁብኝ፡፡ ቀጥለው የፊቱን ግራ በክሪክ ጥቂት አነሱት፡፡ ጎማው ወዲያው መሬት ለቀቀ፡፡

‹‹አየህ?›› አሉ ጋሼ፡፡ ‹‹ጉድጓድ ሲያገኝ ወርዶ መርገጥ አለበት፡፡ ያንተ መውረጃ የለውም፡፡››

ነገሩ ይህ ነው፡፡ መኪና ቆማ ሳለ ሾኩ መሐል አካባቢ መሆን አለበት፤ ጉብታ ሲመጣ የሚገባበት፣ ጉድጓድ ሲመጣ የሚዘረጋበት ቦታ እንዲኖረው፡፡ የሞላውን ቀለበት ወደ ላይ እያወጡ መኪናን ሲያነሱ ሾኩ በዚያው ልክ ተዘርግቶ ይቆማል፡፡ አራት ሴንቲ ሜትር ካነሱ የመዘርጊያው ቦታ በአራት ሴንቲ ሜትር ተቀነሰ ማለት ነው፡፡ አጭር ሾክ ከሆነ ምንም አይቀርም፡፡ ያ ‹‹ቋ›› የሚለው ድምፅ ዘንጉ ተዘርግቶ ሲያበቃ ከውስጥ የሚመታው ነው፡፡ በዚህ ላይ ጥንካሬው እስከ መጨረሻው ሲጠብቅ ጎማው ጉድጓዱን ተከትሎ ሊወርድ አይችልም፤ በአየር ላይ ያልፋል፡፡ አየር ላይ ያለ ጎማ ፍሬንም መሪም የለውም፡፡

ከፍታው የታችኛውን ማሰሪያ በማዞር የሚስተካከል ኮይልኦቨርም አለ፡፡ እሱ የሾኩን መንቀሳቀሻ አይነካም፤ የሚመረጥም ነው፡፡ የራሱ ጣጣ ግን አለው፤ ጣጣው የስፔሰርም ጣጣ ነው፡፡ ጎማው ከቀድሞው ዝቅ ብሎ ስለሚንጠለጠል የፍሬን ዘይት የሚሄድበት የጎማ ቱቦ ይወጠራል፣ ጎማ የሚያሽከረክረው አክስል ከልክ በላይ ያዘነብላል፣ የአክስሉ የጎማ ሽፋን ይቀደዳል፣ የኤቢኤስ ሽቦ ይበጠሳል፡፡ ስለዚህ ከተገጠመ በኋላ መኪናዋን በሊፍት አንጠልጥለው፣ ጎማዎቹ እንደተንጠለጠሉ መሪውን እስከ ግራም እስከ ቀኝም አዙረው የፍሬን ቱቦው ላላ ማለቱን በዓይንዎ ይዩ፡፡ ‹‹ችግር የለውም›› ሲሉዎት ሳይሆን ሲያዩት ነው፡፡ የሾኩ አካልም በታችኛው ማሰሪያ ውስጥ በደንብ ጠልቆ መግባት አለበት፤ ትንሹን ልክ አምራቹ በወረቀቱ ላይ ይጽፋል፡፡ በሁለት ሦስት ጥርስ የተንጠለጠለ ሾክ ይዞ ከተማም መውጣት አይገባም፡፡

ጋሼ ዕለቱን ሁሉንም ፈትተው እንደገና ሠሩት፤ እኔም ዕቃ እያቀበልኩ ተማርኩ፡፡ አሮጌው የማክፈርሰን ሾክ በቀጥታ የሚፈታ ነገር አይደለም፡፡ ከላይ መሐል ያለችው ዳዶ የተጨመቀውን ሞላ ይዛ ነው ያለችው፤ ሞላው በመጭመቂያ ሳይታሰር እሷን መፍታት ሰው ይገድላል፡፡ የኮፈን ውስጥ ሦስቱን ዳዶዎች እንጂ መሐለኛዋን መኪናው ላይ እያለች አትንኳት፡፡ ከታች ሾኩን ከጎማው ተሸካሚ ጋር የሚያስሩት ሁለት ብሎኖች ሲፈቱ ተሸካሚው ወደ ውጭ ተጎትቶ አክስሉ እንዳይነቀል አንድ ሰው ይያዘው ወይም ይታሰር፡፡ የስታብላይዘሩ ማያያዣና የፍሬን ቱቦው ከሾኩ ላይ አስቀድመው ይለቀቃሉ፡፡

አዲስ አበባ ውስጥ ሳይደረግ ቀርቶ ጋሼን ያናደዳቸው ሌላ ነገር የጎሚኒዎቹ አተሳሰር ነው፡፡ የኋላው ተሸካሚና የኋላ ሾኮቹ የሚታሰሩባቸው ጎሚኒዎች ብሎናቸው የሚጠብቀው መኪናዋ በጎማዎቿ ቆማ ክብደቷን ስትይዝ ነው፡፡ ተንጠልጥላ ሳለች ከጠበቁ፣ መሬት ስትነካ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ይቀመጣል፤ መኪናዋም ጠንካራ ትሆናለች፣ ጎሚኒውም በወራት ውስጥ ይቀደዳል፡፡ የጎማ ዳዶም በጉልበት ሳይሆን በልክ ነው፤ የቶዮታ 103 ኒውተን ሜትር ነው፡፡

ከዚያ ማስተካከሉ መጣ፡፡ ከፍታ የሚለካው ከመሬት ሳይሆን ከጎማው መሐል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ነው፤ የጎማ ነፋስ ማነስና መብዛት እንዳያሳስት፡፡ ቦታው ሜዳ ይሁን፤ ነዳጅ ግማሽ ያህል ይኑር፤ ሁልጊዜ ብቻዎን የሚነዱ ከሆነ በሾፌሩ ወንበር ላይ ክብደትዎ የሚያህል ነገር ይቀመጥ፡፡ ባስተካከሉ ቁጥር መኪናዋን ጥቂት ሜትር ወደፊትና ወደኋላ አንቀሳቅሰው፣ ጫን ጫን አድርገው ነው እንደገና የሚለኩት፤ አለበለዚያ ሞላው ቦታውን ሳይዝ የውሸት ልክ ይሰጥዎታል፡፡ ግራና ቀኝ ከአምስት ሚሊ ሜትር በላይ ባይለያዩ ጥሩ ነው፡፡ ጋሼ የእኔን የፊት ከፍታ ከአራት ሴንቲ ሜትር ወደ አንድ ተኩል አወረዱት፤ የኋላውን ሰውና ድንች ስለሚጫንበት ሁለት ላይ ተዉት፡፡ የኋላ ሞላ አጭር ከሆነ መኪናዋ ስትንጠለጠል ከመቀመጫው ሊወጣ ይችላል፤ ይህንንም አንጠልጥለው አዩ፡፡

ለጥንካሬው ቀላል ዘዴ ነገሩኝ፤ አምራቾቹም ከዚህ የራቀ አይሉም፡፡ ጉጧን ወደ ጠንካራው እስክትቆም ያዙሯት፤ ከዚያ ቀጭታውን እየቆጠሩ ይመልሱ፡፡ መቁጠር ሁልጊዜ ከጠንካራው ጫፍ ይጀምራል፡፡ ከመሐል ጥቂት ለስለስ ካለ ቦታ ጀምረው የሚያውቁትን መንገድ በሚያውቁት ፍጥነት ይንዱ፡፡ መኪናዋ ጉብታ ካለፈች በኋላ ሁለት ሦስት ጊዜ ከዘለለች ሁለት ቀጭታ ያጠንክሩ፤ ትንንሽ ጠጠር መሪው ላይ እየነዘረ ከተሰማዎት ወይም ጥምዝ ላይ ነጠር ካለች ሁለት ያለስልሱ፡፡ ፊትና ኋላን በአንድ ጊዜ አይለውጡ፤ የቱ እንዳሻላት አያውቁም፡፡ ግራና ቀኝ ግን ሁልጊዜ እኩል ይሁኑ፡፡ ለጠጠርና ለጉድጓድ የሚሻለው ለስላሳው ነው፡፡ ‹‹ለገጠር ጠንካራ›› የሚባለው ተረት ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ምናልባት ከጭነት መኪና ባሌስትራ ይሆናል፡፡

አላይመንት ሳይሠራ ሥራው አላለቀም፡፡ ያዙልኝ ያልኩት እዚህ ላይ ነው፡፡ የማክፈርሰን ሾክ ምሰሶ ስለሆነ ከፍታው ሲለወጥ የጎማው ዘንበል ማለት ይለወጣል፤ የመሪው ዘንግ ማዕዘን ስለሚለወጥም ጎማዎቹ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ያያሉ፡፡ አዲስ ጎማ በጥቂት ወራት በአንድ ጠርዙ ሲላጭ የሚያዩት ለዚህ ነው፡፡ በቪትዝ ፊት ላይ ይህ ይስተካከላል፤ የኋላው ተሸካሚ ማስተካከያ የለውም፡፡ ፓውዛውንም አይርሱ፤ መኪናዋ ስትነሳ መብራቱም ተነስቶ ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ያሳውራል፡፡ በማስተካከያ ብሎኑ ዝቅ ይደረጋል፤ ለዓመታዊ ምርመራ ሲሄዱም ከሚታዩት አንዱ ነው፡፡ ጭቃው ደግሞ ጥርሱን ይበላል፤ በሽቦ ብሩሽ ጠርገው፣ ግራሶ ቀብተው፣ ከብስክሌት የውስጥ ጎማ በተቆረጠ ሽፋን ቢያለብሱት ከክረምት በኋላ ቀለበቱ ይዞርልዎታል፡፡ አለበለዚያ በመዶሻ ነው፡፡

ገንዘቡ ይገባዋል ወይ? ለሚጠይቁኝ ሁሉ የምሰጠው መልስ አንድ ነው፡፡ የአብዛኛው ሰው ችግር የደከመ ሞላ፣ የሞተ ሾክና የተበላ ጎሚኒ ነው፡፡ እንደ ካያባ ያለ ጥሩ ሾክ፣ አዲስ የልኩ ሞላ፣ አዲስ ማውንቲንግና ጎሚኒ ሲገቡላት ቪትዝ በዕድሜ ያጣችውን ከፍታ ትመልሳለች፡፡ ከዚያ በኋላም ካልበቃ ሁለት ሴንቲ ሜትር ስፔሰር ከነአላይመንቱ ይጨመር፡፡ ኮይልኦቨር ማስተካከሉን ለሚወድ፣ ጭነቱ ለሚለዋወጥና በየስድስት ወሩ ሥር ገብቶ ለማየት ለማይሰንፍ ሰው ነው፡፡ እኔ አሁን እወደዋለሁ፤ ግን ያኔ ጋሼን ባገኝ ኖሮ አልገዛውም ነበር፡፡

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል ባለው ግጭት ምክንያት ያን መንገድ እንደ ቀድሞው እንደልብ አልሄድበትም፡፡ አክስቴ በስልክ ‹‹መኪናህ ሆዷ ተሻላት?›› ይሉኛል፡፡ ባለፈው ወር ሥሯ ገብቼ ለካሁ፤ የፊት ግራው ከቀኙ በስምንት ሚሊ ሜትር ወርዶ አገኘሁት፡፡ ማጥበቂያ ቀለበቱ ላልቶ ኖሯል፡፡ ወደ ልኩ መልሼ አጠበቅኩት፣ አላይመንቱንም አሳየሁ፤ ጥንካሬው ጋሼ በተዉት ቁጥር ላይ ነው፣ ከጠንካራው ጫፍ አሥራ አንድ ቀጭታ፡፡